ከእኅት ልጅ ጋር ስለ መዋል

በአማርኛ ቋንቋ የእኅትን ሴት ልጅ በአንድ ቃል የሚጠራ ስም የለም። ሰው ሁሉ «የእኅቴ ልጅ» ይላል፤ የወንድም ልጅ ብትሆንም «የወንድሜ ልጅ» ይላል። ይህ የቋንቋው ድኽነት አይደለም። አንደኛው ቃል ልጂቱን ይጠራል፤ ሁለተኛው ቃል በማን በኩል እንደ ተገኘች ይናገራል። ስለዚህ አጎት የእኅቱን ልጅ በጠራ ቍጥር እኅቱንም አብሮ ይጠራል። ከልጂቱ ጋር አንድ ቀን ሲውልም የእኅቱን አደራ ይዞ ይውላል፤ አደራ ደግሞ ከባድ ነገር ነው።

አባትና እናት ከልጃቸው ጋር ዘወትር ይኖራሉ። ነገር ግን ውሃ መቅዳት አለ፥ እንጀራ መጋገር አለ፥ እርሻ አለ፥ ንግድ አለ፤ ስለዚህ ልጂቱን የሚያዩአት በሥራ መካከል ነው። አጎት ወይም አክስት አንድ ቀን መጥተው «ዛሬ ከእኛ ጋር ትውያለሽ» ያሏት እንደ ሆነ ግን ያ ቀን በሙሉ የእርሷ ይሆናል። እንዲህ ያለውንም ቀን ልጅ አትረሳውም። ትናንት የበሉትን የማያስታውሱ ብዙ ሽማግሌዎች፥ በልጅነታቸው አጎታቸው በበቅሎ አፈናጥጦ የወሰዳቸውን መንገድ ዛፉን ሳይቀር ያስታውሳሉ።

ብዙ ሰዎች ይህን ቀን ለማሳመር ገንዘብ የሚበቃ ይመስላቸዋል። ከረሜላ ይገዛሉ፥ በአደባባይ ያዞራሉ፥ ፎቶግራፍ ያነሣሉ፥ ማታም ልጂቱን ለወላጆቿ መልሰው ይተኛሉ። በእውነቱ ግን ከገንዘብ ይልቅ የሚያስፈልጉ ነገሮች አሉ። እነዚህም ከጥቂት ዓመታት በፊት በጎንደር ከተማ በነበረ በአንድ ልብስ ሰፊ ታሪክ ይታያሉ።

ይህ ልብስ ሰፊ በአራዳ አጠገብ አንድ መኪናና አንድ ወንበር የምትይዝ ጠባብ ሱቅ ነበረችው። ዕድሜው ሠላሳ ዓመት ያህል ነው፤ ሚስት አላገባም፥ ልጅም አልነበረውም። ታላቅ እኅቱ ግን በደምቢያ፥ በቆላ ድባ፥ ትዳር ይዛ ትኖር ነበር፤ ሰባት ዓመት የሆናት አንዲት ሴት ልጅም ነበረቻት። ልብስ ሰፊው ወደ እኅቱ ቤት በሄደ ቍጥር ልጂቱን «አንድ ቀን ጎንደርን አሳይሻለሁ» ይላት ነበር። ይህን ተስፋ ከሰጣት ሁለት ዓመት አለፈ። ለፋሲካ ልብስ ይበዛል፥ ለመስቀል ልብስ ይበዛል፥ ለሠርግ ልብስ ይበዛል፤ የልብስ ሰፊ ሥራ መቼ ያልቃል? ልጂቱም በመጨረሻ መጠየቅን ተወች። ሕፃን መጠየቅን በተወች ጊዜ ትልልቅ ሰዎች ረሳችው ብለው ደስ ይላቸዋል። አልረሳችውም፤ ማመንን ተወች እንጂ።

ከዕለታት አንድ ቀን፥ ዓርብ ማታ፥ እናትና አባት ልጃቸውን ይዘው ወደ ጎንደር መጡና በልብስ ሰፊው ቤት አደሩ። የመጡትም እናቲቱን ሆዷን ስላመማት ሐኪም ዘንድ ለመቅረብ ነበር። ነገር ግን ሕመሙ እስኪነጋ አልጠበቀም፤ በሌሊት ጠና። ልጂቱ ተኝታ ሳለች አባቷ እናቷን ወደ ሐኪም ቤት ወሰዳት። ሐኪሞቹም መርምረው «ትርፍ አንጀቷ አብጧልና ዛሬውኑ በቀዶ ጥገና መውጣት አለበት» አሉ።

ትርፍ አንጀት ማለት በሆድ ውስጥ በቀኝ በኩል ወደ ታች፥ ከትልቁ አንጀት ጋር የተያያዘች፥ እንደ ትንሽ ጣት ያለች ቀጭን ነገር ናት። ሰው ያለ እርሷ መኖር ይችላል። ነገር ግን ታምማ ካበጠች በኋላ ዝም ከተባለች ልትፈነዳ ትችላለች፤ መግሏም በሆድ ውስጥ ተሰራጭቶ ሊገድል ይችላል። ስለዚህ ሐኪሞች ሕመምተኛውን በማደንዘዣ አስተኝተው፥ ሆዱን በጥቂቱ ከፍተው፥ ያበጠችውን ቈርጠው ያወጣሉ፤ ከዚያም ቍስሉን ይሰፋሉ። ልብስ ሰፊው ይህን ሁሉ በስልክ ከአማቹ ሰማ። በሕይወቱ ሙሉ ስለ ስፌት ሲነገር ሰምቶ የደነገጠው በዚያች ሌሊት ብቻ ነው።

ሊነጋ ሲል ጎረቤቶች መጥተው መከሩት። «ሕፃን ናት፤ እንዳትነግራት። እናትሽ ገበያ ሄደች በላትና አሳልፋት» አሉት። በኢትዮጵያ ልማድ ክፉ ወሬ በድንገት አይነገርም። መርዶ እንኳ ቢሆን ዘመድ ተሰብስቦ፥ ሰዓቱ ተመርጦ፥ በማለዳ ይነገራል። ይህ ልማድ ጥበብ አለው፤ ሰው ብቻውን ሳለ ኀዘን እንዳይወድቅበት ነው። ይሁን እንጂ ወሬን እስከ ሰዓቱ መያዝ አንድ ነገር ነው፤ የሌለ ወሬ ፈጥሮ መናገር ሌላ ነገር ነው። ልብስ ሰፊው በዚያች ማለዳ ይህን ልዩነት አላሰበውም።

ልጂቱ ነቅታ ዙሪያዋን አየች። «ጋሼ፥ እናቴ የት ሄደች?» አለች።

«ገበያ ሄዳለች፥ እናቴ» አላት። ቀጥሎም ፈጥኖ፥ «ዛሬ ጎንደርን የማሳይሽ ቀን ነው፤ ተነሽ ፊትሽን ታጠቢ» አለ።

ልጂቱ ሁለት ዓመት የጠበቀችው ቀን ነበረና ደስታዋ ወሰን አልነበረውም። ፊቷን ታጠበች፥ ጫማዋን አጠለቀች፥ ጠጕሯንም በውሃ አለዘበች። ከዚህም በኋላ እጁን ይዛ «እንግዲያስ ጋሼ፥ አስቀድመን ገበያ እንሂድ። እናቴን እንፈልጋትና እርሷም ከእኛ ጋር ትዋል» አለችው። ልብስ ሰፊው የሚመልሰው አጣ። ዕለቱ ቅዳሜ ነበር፤ ገበያውም እርግጥ ቆሞ ነበር። አንድ ሐሰት የተናገረ ሰው ሐሰቱ ወደሚመራው ስፍራ ይሄዳል፤ እርሱም ሄደ።

ቅዳሜ ገበያ የጎንደር ትልቅ ገበያ ነው። ከየአገሩ የመጣ ገበሬ ጤፉን፥ ሽንብራውን፥ ኑጉን በጆንያ ደርድሮ ይቀመጣል። በአንድ ወገን ማርና ቅቤ አለ፤ በሌላ ወገን ጋቢና ነጠላ፥ እንስራና ምጣድ፥ ሰፌድና መሶብ አለ። አህያው ይጮኻል፥ ሻጩ ይምላል፥ ገዢው ጥሎ ይሄዳል፥ ሻጩም መልሶ ይጠራዋል። ለሕፃን ከዚህ የበለጠ መጫወቻ የለም። ልብስ ሰፊው ሸንኮራ አገዳ ገዝቶ፥ ልጦ፥ ቈራርጦ ሰጣት። ልጂቱ ግን አንዱን ቍራጭ በእጇ ይዛ አልነከሰችውም። ዐይኗ በሴቶቹ ላይ ነበር። እናቷ ሰማያዊ ጥለት ያለው ነጠላ ነበራትና፥ ሰማያዊ ጥለት ያየች እንደ ሆነ እጁን እየጐተተች ትሮጣለች። ሴቲቱ ዘወር ትላለች፤ ፊቷ ሌላ ይሆናል። እንደገና ትሮጣለች፤ ሌላ ይሆናል። ይህ አራት ጊዜ ሆነ።

በአምስተኛው ጊዜ እጁን ለቀቀችው።

ልብስ ሰፊው ዘወር ሲል አጣት። ከሰው ብዛት የተነሣ አንድ ክንድ ያህል እንኳ አርቆ ማየት አልተቻለውም። ስሟን ጠራ፤ የገበያው ጩኸት ዋጠው። በዚያች ጥቂት ጊዜ ውስጥ ያሰበውን ሁሉ ለማንም ኋላ አልተናገረም። እኅቱ በሐኪም ቤት ተኝታለች፤ ልጇ ደግሞ በእርሱ እጅ ጠፋች። በጤፍ ተራ ሮጠ፥ በሽንኵርት ተራ ሮጠ፤ በመጨረሻም በበርበሬ ተራ መካከል አንዲት ሕፃን ስታነጥስ ሰማ። ቆማ ታነጥሳለች፥ ታለቅሳለች። እንባዋ ከበርበሬው ይሁን ከልቧ የሚያውቅ አልነበረም። አንዲት በርበሬ ሻጭ እጇን ይዛ «የማን ልጅ ናት?» እያለች ትጠይቅ ነበር።

ልጂቱም ባየችው ጊዜ «ጋሼ፥ ገበያው እጅግ ሰፊ ነው። ሳናገኛት አመሻሽ ላይ ትሄድብናለች» አለችው።

ያን ጊዜ ልብስ ሰፊው ከገበያው ዳር በአንድ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ፤ እርሷንም በፊቱ አቆማት። ቁመታቸው ትክክል ሆነ። ለሕፃን ከባድ ነገር የሚነግር ሰው ይህን ማድረግ ይገባዋል፤ ከላይ ወደ ታች የሚመጣ ቃል እንደ ቍጣ ይሰማልና።

«እናትሽ ገበያ አልመጣችም» አላት። «ሌሊት ሆዷን አመማትና አባትሽ ወደ ሐኪም ቤት ወሰዳት። በሆዷ ውስጥ እንደዚች ጣትሽ ያለች ትንሽ ነገር አብጣባታለች። ሐኪሞቹ በመድኃኒት አስተኝተው ያወጡላታል። ተኝታ ሳለች ስለ ሆነ ሲቈርጡ አይሰማትም።»

ልጂቱ ጣቷን አየች። «ለምን ገበያ ሄደች አሉኝ?» አለች።

«ስለ ፈራሁ ነው» አለ።

«ትሞታለች?»

ከጥያቄ ሁሉ የከበደው ይህ ነው። «አትሞትም» ለማለት አንድ ቃል ይበቃ ነበር፤ ጎረቤቶቹም ቢኖሩ ይህን በል ባሉት ነበር። እርሱ ግን በማለዳው አንድ ቃል ተናግሮ እስከ በርበሬ ተራ ያደረሰውን አይቷል። ስለዚህ «ሐኪሞቹ ይህን ሕመም በደንብ ያውቁታል፤ እንደ እናትሽ ሆነው የዳኑ ብዙ ሰዎች ናቸው። እኔ እንድትድን ተስፋ አደርጋለሁ፥ እግዚአብሔርንም እለምናለሁ። ማታ እኔና አንቺ አብረን እንሄዳለን፤ የሆነውንም ሁሉ ሳልደብቅ እነግርሻለሁ» አላት።

ልጂቱ በጉልበቱ ላይ ተደፍታ አለቀሰች። እርሱም ዝም በይ አላላትም። ብዙ ሰው የሚያለቅስን ሕፃን በከረሜላ ሊያስታግሥ ይቸኩላል፤ ልቅሶው የሚያስቸግረው እርሷን ሳይሆን እርሱን ነውና። ሲያበቃላት ዐይኗን በእጅጌዋ አበሰች፥ እስከዚያ ድረስ በእጇ የነበረውን ሸንኮራ አየችው፥ መጠጠችውም። «የልጅ ነገር ሁለት ፍሬ፥ አንዱ ብስል አንዱ ጥሬ» የተባለው ስለዚህ ነው። ሸንኮራ የመጠጠች ልጅ ኀዘኗን ረሳች ማለት አይደለም። ሁለቱን በአንድነት መያዝ ትችላለች፤ ትልቅ ሰው ነው ይህን የሚረሳው።

«እንግዲህ ወዴት እንሂድ?» ብሎ ጠየቃት። እስከዚያች ሰዓት ድረስ እንዲህ ብሎ አልጠየቃትም ነበር።

«የንጉሡን ቤት አሳያችሁኋለሁ ይሉን አልነበረም?» አለች።

ከገበያው ወደ ከተማው መካከል በባጃጅ ወጡ። ባጃጅ ባለ ሦስት እግር ትንሽ ተሽከርካሪ ናት፤ ጎኗ ክፍት ስለ ሆነ ነፋሱ ፊትን ይመታል። ልጂቱ በሕይወቷ ያን ያህል ነፋስ በልታ አታውቅምና አፏን ከፍታ ሄደች። ባለ ባጃጁ ጥሩንባውን አንድ ጊዜ እንድትጫን ፈቀደላት። ሁለት ጊዜ ተጫነችው።

በጎንደር መካከል ያለው የነገሥታት ግቢ ፋሲል ግቢ ይባላል። ከዚያ አስቀድሞ የኢትዮጵያ ነገሥታት በአንድ ከተማ ጸንተው አይቀመጡም ነበር፤ ከሠራዊታቸው ጋር በድንኳን እየዞሩ ይኖሩ ነበር። ዐፄ ፋሲል ግን፥ ከ1624 እስከ 1660 ዓ.ም. የነገሡት ንጉሥ፥ በ1628 ዓ.ም. ጎንደርን ቆርቍረው በድንጋይና በኖራ ግንብ ሠሩ። ከእርሳቸው በኋላ የነገሡት ልጃቸው ዐፄ ዮሐንስ፥ የልጅ ልጃቸው ዐፄ ኢያሱ፥ ኋላም ዐፄ ዳዊት፥ ዐፄ በካፋና እቴጌ ምንትዋብ በዚያው ቅጥር ውስጥ የየራሳቸውን ጨመሩ። የቅጥሩ ዙሪያ 900 ሜትር ያህል ነው፤ በሮቹም እያንዳንዳቸው ስም አላቸው። ፊት በር፥ ወንበር በር፥ እንቢልታ በር፥ ባልደራስ በር፥ እርግብ በር ይባላሉ። ግቢው በ1972 ዓ.ም. በዓለም ቅርስ መዝገብ ተጽፏል።

ልብስ ሰፊው ይህን ሁሉ ሊነግራት አስቦ ነበር፤ የነገሥታቱንም ስም በተራ ጀመረ። ልጂቱ ግን በግንቡ ላይ ፀሐይ የምትሞቅ እንሽላሊት አይታ ቆመች። እንሽላሊቲቱ ጕሮሮዋን ታነፋለች፥ ታጐድላለች። ልጂቱም ጕሮሮዋን እንደ እርሷ ለማንፋት ሞከረች። በዚህ ስፍራ ብዙ ጊዜ አለፈ። ትልቅ ሰው አንድ ጊዜ ሲራመድ የሰባት ዓመት ልጅ ሁለት ጊዜ ትራመዳለች፤ ይህን ሁሉም ያውቃል። ዐይኗም እንደ እግሯ መሆኑን የሚያስተውል ግን ጥቂት ነው። እርሱ ስድስት ቤተ መንግሥት ባየበት ሰዓት እርሷ አንድ እንሽላሊት ታያለች፤ እርሷም ብዙ አይታለች። ልብስ ሰፊው መጀመሪያ እጇን ሊጐትት አሰበ። ኋላ ግን ተቀምጦ ጠበቃት፤ ሌሊቱን እንቅልፍ አላየምና መቀመጡ ለእርሱም ጠቀመው።

የዐፄ ፋሲል ግንብ በአራቱ ማዕዘን ክብ ክብ ግንቦች አሉት፤ ጣራቸውም እንደ እንቍላል ዙሮ ከላይ የጠበበ ነው። ስለዚህ ሕዝቡ «እንቍላል ግንብ» ብሎ ይጠራዋል። አጎቷ ይህን በነገራት ጊዜ ልጂቱ አንጋጣ አየችና «ይህን የጣለችው ዶሮ ምን ያህል ትሆን?» አለች። ልብስ ሰፊው ከሌሊት ጀምሮ ያን ጊዜ ሣቀ፤ ሣቁም ዘበኛውን እስኪያስገርም ድረስ ረዘመ።

የዐፄ ኢያሱን ግንብ ሲያዩ፥ ጣራው ለምን እንደ ሌለ ጠየቀችው። በመሬት መንቀጥቀጥ እንደ ተጐዳ፥ ኋላም ኢጣልያኖች ጎንደርን በለቀቁበት፥ በ1934 ዓ.ም. ባበቃው ጦርነት፥ ከእንግሊዞች አውሮፕላን በወደቀ ቦምብ እንደ ፈረሰ ነገራት። ወደ አንበሶቹም ቤት መጡ። በዚያ ነገሥታቱ አንበሶች ያኖሩ ነበር።

«ምን ይበሉ ነበር?»

«ሥጋ።»

«ሥጋውን ማን ያገባላቸው ነበር? በልተውት የለም?»

«አላውቅም» አለ።

ልጂቱ በመልሱ ደስ አላት። ትልቅ ሰው «አላውቅም» ሲል የምትሰማው በስንት ጊዜ አንድ ነውና፥ ማን ያገባላቸው እንደ ነበር ራሷ ማሰብ ጀመረች። በረጅም እንጨት ነው አለች፤ አይደለም፥ ከላይ በገመድ ነው አለች። እስከ ምሳ ድረስ ይህን ስትመረምር ቆየች።

በስድስት ሰዓት በአንዲት ትንሽ ምግብ ቤት ሽሮ በሉ። ልብስ ሰፊው በእጅ ስልኩ አማቹን ጠራ። አማቹም «ገና አልወጣችም» አለው። ልጂቱ ዐይኑን ታይ ነበር። «ገና አልወጣችም» አላት፤ የሰማውን ቃል አልጨመረበትም፥ አልቀነሰለትምም። እርሷም የያዘችውን ጕርሻ አስቀምጣ ጥቂት ቆየችና አነሣችው።

ከምሳ በኋላ ወደ ፋሲል መዋኛ ሊወስዳት ነበር። ይህ ከከተማው ወጣ ብሎ ያለ፥ በትልልቅ ዛፎች የተከበበ ገንዳ ነው። ለጥምቀት በዓል ከቀሃ ወንዝ ውሃ ይገባበታል፤ ጥር 11 ቀንም ሕዝቡ ይጠመቅበታል። የዛፎቹ ሥር ግንቡን እንደ እጅ ጣት አቅፎ ይዞታል። ነገር ግን የልጂቱ እግር ደክሞ ነበርና ለሌላ ቀን ተወው። በአንድ ቀን ሁሉን ሊያሳይ የሚፈልግ ሰው ስለ ራሱ ይለፋል እንጂ ስለ ልጅ አይደለም። አንድ ስፍራ ብቻ ቀራቸው፤ እርሱም ደብረ ብርሃን ሥላሴ ነው።

ይህ ቤተ ክርስቲያን በዐፄ ኢያሱ የተተከለ ነው። በቅጥሩ ላይ ስለ ዐሥራ ሁለቱ ሐዋርያት ዐሥራ ሁለት ክብ ግንቦች ቆመዋል፤ የበሩም ግንብ ዐሥራ ሦስተኛ ሆኖ የጌታ ምሳሌ ነው። በ1880 ዓ.ም. ደርቡሾች ጎንደርን በወረሩና አብያተ ክርስቲያናትን ባቃጠሉ ጊዜ ይህ ሳይቃጠል ተረፈ። እንደሚተረከው ከቅጥሩ ውስጥ ንብ ወጥቶ አሳደዳቸው። ልጂቱ በግቢው ዛፎች ላይ ንብ ፈለገች፤ እርግብ ብቻ አየች።

ከደጁ ጫማቸውን አወለቁ። ልብስ ሰፊውም ስለ ስፍራው ክብር ስልኩን አጠፋ። እጁ ሲያጠፋው ከብዶት ነበር። ወደ ውስጥ በገቡ ጊዜ ልጂቱ ግድግዳውን አላየችም፤ በቀጥታ ወደ ላይ አየች። የጣራው እንጨት በሙሉ በመላእክት ፊት ተሥሏል። እያንዳንዱ ፊት ክንፍ አለው፥ ጠጕሩ ጥቍር፥ ዐይኑ ትልቅ ነው። ቍጥራቸው ከመቶ ይበልጣል። ማንም ሰው በየትኛውም ስፍራ ቢቆም ከእነርሱ አንዱ የሚያየው ይመስለዋል።

«እነዚህ እናቴንም ያዩአታል?» ብላ በቀስታ ጠየቀች።

«ሥዕሉ አያይም» አለ ልብስ ሰፊው፤ ጥቂት አሰበና፥ «የተሣለላቸው ግን ያያሉ» አለ።

ልጂቱ እስከ መቶ መቍጠር ታውቅ ነበርና መቍጠር ጀመረች። ሦስት ጊዜ ተሳሳተች፤ ሦስት ጊዜ ከአንድ ጀመረች። አጎቷም በጣቱ እያመለከተ ረዳት። አንገቷ ሲደክማት ራሷን በሁለት እጁ ከኋላ ደገፈላት። ሰባ ሁለት ላይ በደረሰች ጊዜ ዐይኗ እንባ አቀረረና ፊቶቹ ተደባለቁባት። «ሰባ ሁለት ላይ ነኝ፤ አይርሱብኝ» አለችው። እርሱም አልረሳውም።

ከደጁ ወጥተው ጫማ ሲያጠልቁ ስልኩን አበራው። አማቹ ሦስት ጊዜ ጠርቶት ነበር። ሦስት ጊዜ መጠራት ለደስታም ለኀዘንም ይሆናል። ልብስ ሰፊው መርፌ ውስጥ በጨለማ ክር የሚያገባ ሰው ነበር፤ በዚያን ጊዜ ግን ጣቱ ቍጥሩን ስቶ ሁለት ጊዜ እንደገና ጀመረ። ልጂቱ አንድ እግሯን በጫማ፥ አንድ እግሯን ባዶ ይዛ ቆማ ታየው ነበር። ብቻውን ሄዶ ሊሰማ ይችል ነበር። «የሆነውን ሁሉ ሳልደብቅ እነግርሻለሁ» ብሏልና ግን ተንበርክኮ ስልኩን በጆሮውና በጆሮዋ መካከል አደረገው።

«ወጣች» አለ የአባቷ ድምፅ። «ደኅና ናት ብለዋል። ገና እንቅልፍ እንቅልፍ ይላታል። ውሃ ጠይቃ ከለከሏት።»

ልጂቱ ጫማዋን አጠለቀች። «ውሃ ለምን ከለከሏት?» አለች፤ ተቈጣችም።

ወደ ሐኪም ቤቱ ሲወርዱ እንቅልፍ አሸነፋት። ልብስ ሰፊው ነጠላውን አጠንክሮ አዘላት። ወንድ ልጅ አዝሎ በአደባባይ ሲሄድ የሚሥቁ ሰዎች አሉ፤ ይሣቁ። ከሐኪም ቤቱ በር ሲደርሱ ግን ዘበኛው ሕፃን ወደ ሕሙማን ክፍል አይገባም አለ። ደንቡ መልካም ደንብ ነው፤ ሕሙማን ዕረፍት ያስፈልጋቸዋል፥ ሕፃንም በሽታ ሊይዛት ይችላል። ልብስ ሰፊውም ከደንቡ ጋር አልተጣላም። ነገር ግን ማታ እወስድሻለሁ ብሎ ተስፋ እንደ ሰጠ፥ ከዚያ ቀደምም ሁለት ዓመት ሙሉ ተስፋ ሰጥቶ እንዳልፈጸመ ነገረው። ዘበኛው የራሱ ልጆች ሳይኖሩት አልቀረም። አስታማሚዋን ጠርቶ ተማከረ፤ እርሷም ልጂቱ እጇን ታጥባ ለጥቂት ደቂቃ እንድትገባ ፈቀደች።

እናቲቱ በጀርባዋ ተኝታ ነበር፤ ከንፈሯም ደርቋል። ሰማያዊ ጥለት ያለው ነጠላዋ ከራስጌዋ ተጣጥፎ ተቀምጧል። ልጂቱ አስቀድማ ነጠላውን ዳሰሰችው፥ ቀጥሎም የእናቷን እጅ ያዘች።

«ምን ዋላችሁ?» አለች እናቲቱ በደካማ ድምፅ።

«ገበያ ሄደን ፈለግንሽ፤ አጣንሽ» አለች ልጂቱ። ልብስ ሰፊው ወደ መሬት አየ። «ኋላ ግን ጋሼ ያለሽበትን ነገሩኝ። እንቍላል የመሰለ ግንብ አየሁ። አንበሶቹን ማን ያበላቸው እንደ ነበር ጋሼም አያውቁም። መላእክትም ቈጠርሁ።»

«ስንት ሆኑ?»

ልጂቱ ወደ አጎቷ ዘወር አለች።

«ሰባ ሁለት» አለ እርሱ።

«ሰባ ሁለት» አለች ልጂቱ። «ገና አላለቁም። አንቺ ስትነሽ ከሰባ ሦስት እንጀምራለን።»